የመስከረሙ እሽቅድምድምና የአማተርነት ድንበር

የአባያ ሐይቅ ስፋት 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ከባሕር ብቅ ያለችው የማን ደሴት ግን 572 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ከአርባ ምንጭ አፋፍ ላይ ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ ያችን ደሴት ከነተራራዋ፣ ከነከተማዋና ከነመንገድዋ አንሥቶ በሐሳቡ ውሃው ላይ ቢያስቀምጣት የአባያን ግማሽ ያህል ብቻ ትይዝለታለች። («የማን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የአገር ስም እንጂ መጠይቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በሚከተለው ታሪክ ውስጥ ጥያቄውም ቦታ አያጣም።) የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ታሪክ ዋነኛው ክፍል የተጻፈው በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ነው። የውድድሩ ዘመን ሊዘጋ ሲል፣ የጋሞ ደጋ ሰዎች ለመስቀላ በዓል በሚሰናዱበት በመስከረም ወር፣ ከፋብሪካ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው ሞተረኞች በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው መፍቻ ያዘጋጁትን ሞተር እየነዱ የሚገናኙበት ውድድርም የተመሠረተው በዚያው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ውድድርና «አማተር ማነው?» የሚለውን ያልተፈታ ክርክሩን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከሕግ ነው። በ1903 የወጣው የብሪታንያ የሞተር ተሽከርካሪ ሕግ ማንኛውም ተሽከርካሪ በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ወሰነ። የብሪታንያ ምክር ቤትም ለውድድር ሲባል የሕዝብ መንገድ እንዲዘጋ የማይፈቅድ ሆነ። የማን ደሴት ግን ቲንዋልድ የሚባል የራስዋ ሸንጎ ስላላት፣ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ክበብ ሰዎች ወደዚያ ሄደው ለመኑ፤ ሸንጎውም በ1904 መንገድ ለውድድር ለመዝጋት የሚያስችል ሕግ አጸደቀ። በመጀመሪያ የተጠቀሙበት አውቶሞቢሎች ናቸው። ሞተር ብስክሌቶች ተራቸው በሚገባ የደረሰው በግንቦት 1907 ነው፤ በዚያ ወር 25 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ባለው ዙሪያ ላይ አሥር ጊዜ ተሽከረከሩ። ባለ አንድ ሲሊንደሩን ምድብ ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ተኩል አማካይ ፍጥነት አሸነፈ። ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ያሸነፈው ሬም ፋውለር በኖርተን አካል ላይ የፔዦ ሞተር አስሮ ነበር። ፋውለር ከመነሣቱ በፊት ልቡን ለማደፋፈር በወተት የተበረዘ ኮኛክ ጠጣ። በመንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ ወደቀ፤ ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ሲል በሩቅ እየመራ መሆኑን አንድ ተመልካች ነገረውና ጎማውን ጠግኖ ጨረሰ። የመጀመሪያዎቹ እሽቅድምድሞች መልክ ይህ ነው፤ መፍቻው በነጂው ኪስ ውስጥ ነበር።

በ1911 ውድድሩ ወደ ተራራው ተዛወረ። የተራራው ዙሪያ 60.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ አቅራቢያ ተነሥቶ እስከ 422 ሜትር ከፍታ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የሚወጣውን 37 ኪሎ ሜትር መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዳገት የሚያስደንቅ አይሆንም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ከሐይቁ ዳር በሙሉ ጉልበት የተነሣ ሞተር ጨንቻ ሲደርስ ከነበረው ኃይል ሰባት አንድ እጁን አጥቷል። ካርቡራቶሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅምና የቤንዚኑን መጠን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ሞተሩ ጭስ እየተፋ ያንቃል። በደሴቲቱ ተራራ ላይ የሚጠፋው ኃይል አራት በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በሰዓታት ጉዞ የሰከንዶች ልዩነት በሚያሸንፍበት ውድድር አራት በመቶ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሞተረኛው የጂግለሩን ቀዳዳ ለታችኛው አየር ይምረጥ ወይስ ለላይኛው የሚለውን ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። ማስረጃው ካንዴላው ነው። በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን በድንገት ያጠፋና ካንዴላውን ፈትቶ ያያል። ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷልና ፒስቶኑ ሊቀልጥ ነው፤ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ግን ደኅና ነው።

የዚያ ዓመት ውጤት ለእንግሊዞች ትምህርት ሆነ። በከፍተኛው ምድብ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ኢንዲያን የተባሉት የአሜሪካ ሞተሮች ናቸው። የእንግሊዞቹ ሞተር አብዛኛው ኃይሉን ወደ ኋላ እግር የሚያስተላልፈው በቆዳ ቀበቶ ሲሆን፣ ኢንዲያኖቹ ካቴናና ባለ ሁለት ማርሽ ሳጥን ነበራቸው። ቀበቶ በዝናብ ይንሸራተታል፤ ካቴና አይንሸራተትም። ተራራው ይህን በአንድ ቀን አስረዳ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ለዚህ ውድድር ብቻ መሐንዲስ መቅጠር፣ ልዩ ሞተር መሥራትና ለነጂ ደመወዝ መክፈል ጀመሩ። የዘይት፣ የጎማ፣ የካቴናና የካንዴላ ኩባንያዎችም ለአሸናፊው ጉርሻ ይከፍሉ ነበር፤ አሸናፊው የማንን ዘይት እንደተጠቀመ በጋዜጣ ላይ ለማውጣት ነው።

እንግዲህ በራሱ ሞተር፣ በራሱ ወጪ የሚነዳው ሰው ቦታው የት ነው? በ1912 የተቋቋመው የደሴቲቱ የሞተር ብስክሌት ክበብ በ1923 መልስ ሰጠ። በዚያው የተራራ ዙሪያ ላይ፣ ትልቁ የሰኔ ውድድር ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ፣ በመስከረም ለአማተሮች ብቻ የሚሆን ውድድር አዘጋጀ። በመጀመሪያው ዓመት ተወዳዳሪዎቹ አምስት ዙር፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነዱ። ያሸነፈው ሌን ራንድልስ ሲሆን ሞተሩ ሳንቢም፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በማግሥቱ ዓመትም ደገመው።

«አማተር» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አገሪቱ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ሯጮቿና ብስክሌተኞቿ የተሰለፉት በዚሁ ሕግ ሥር ነው። ወታደር በወታደርነቱ ደመወዝ ይበላል፤ በሩጫው ግን አይከፈለውምና አማተር ነው ተብሎ በ1960 አበበ ቢቂላም ሮም ላይ ሮጠ። ቃሉ ሲሰሙት ንጹሕ ይመስላል፤ ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ የማይሠራ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ሌላም ትርጉም ነበረው። የታወቀው የሄንሊ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር በ1879 ባወጣው ደንብ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያ ወይም የጉልበት ሠራተኛ የሆነ ሰው አማተር ሊባል አይችልም ብሎ ነበር። በቀዘፋው ገንዘብ ባያገኝ እንኳ፣ በእጁ ሠርቶ የሚበላ መሆኑ ብቻ ከውድድሩ ያስወጣዋል። አሜሪካዊው ጆን ኬሊ በ1920 ከሄንሊ ሲከለከል ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ በወጣትነቱ ግንበኛ የነበረ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በቀዘፋ ወርቅ አገኘ። የእጅ ሠራተኛን የሚከለክለው አንቀጽ ከሄንሊ ደንብ የወጣው በ1937 ነው።

ይህ የባዕድ አገር ጉድ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ወደ አባያ ዳርቻ መለስ ማለት ይገባል። በቀድሞው የጋሞ ማኅበረሰብ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ የሚፍቀውና በአንዳንድ ስፍራም ብረት የሚቀጠቅጠው ደጋላ ይባል ነበር። ማሰሮው ከማና እጅ ይገዛል፤ ማረሻው ከቀጥቃጩ ይመጣል። ሠሪው ግን መሬት የመያዝ፣ ከማላ ወገን ጋር የመጋባት፣ በዱቡሻው ሸንጎ ከሌላው እኩል የመቀመጥ መብት ተነፍጎ ኖሯል። በሰሜኑም ቢሆን «ቀጥቃጭ» ስድብ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስለዚህ ነው። ሄንሊና ዱቡሻ በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢራራቁም የሁለቱ ሐሳብ አንድ ነው፤ ዕቃው ይግባ፣ ሠሪው ግን ከደጅ ይቅር።

ጀልባ ላይ ይህን ማለት ይቻል ይሆናል። ሞተር ላይ ግን አይቻልም። የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ግማሹ የሚካሄደው በጋራዥ ውስጥ ነውና። ለምሳሌ ሞተር ሸጦ የሚያድር ባለ ሱቅ በእሑድ ቀኑ ቢወዳደር አማተር ነውን? በሞተር ፋብሪካ የጽሕፈት ክፍል የሚሠራስ? አባቱ ባለጸጋ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተዋጣለት መካኒክ ቀጥሮ ሞተሩን ቢያሰናዳለትና ሲያሸንፍ አንድ ሳንቲም ባይቀበል፣ ያለ ጥርጥር አማተር ይባላል። ሞተሩን በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመው የጋራዥ ሠራተኛ ግን በሙያው እንጀራ ስለሚበላበት ብቻ ይጠረጠራል። ፋብሪካ ደግሞ ደመወዝ ሳይከፍል የሚረዳበት መንገድ አያጣም። ሞተሩን በቅናሽ ይሸጥለታል፣ ያበድረዋል፣ ወይም «ለጥገና» አስገብቶ በተሻለ ፒስቶንና ካም ይመልስለታል። ዳኛው ሰነድ ሊመረምር ይችላል፤ አንድ ሲሊንደር ውስጥ የገባው የማን ላብ እንደሆነ ግን በምን መሣሪያ ይለካዋል?

ልዩነቱ እየጠበበ መምጣቱን ሜዳው ራሱ አሳየ። በ1928 ቲም ሃንት የተባለው አማተር በኖርተን ሞተር ዙሪያውን በሰዓት ከ70 ማይል፣ ማለትም ከ112 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ዞረ። ይህ ሰው በ1931 የኖርተን ፋብሪካ ነጂ ሆኖ የሰኔውን ውድድር ሁለት ዋና ዋና ምድቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ አሸነፈ፤ በ1933 ስዊድን ላይ በደረሰበት ከባድ አደጋም የእሽቅድምድም ሕይወቱ አበቃ። በእርሱና በመሰሎቹ ዘመን የአማተር ትርጉም ክርክር እየከረረ ሄዶ በ1930 የደሴቲቱ ክበብ ውሳኔ ላይ ደረሰ። «አማተር» የሚለው ቃል ከውድድሩ ስም ተፋቀ፤ ደንቡም ተለወጠ፤ ውድድሩ ማንክስ ግራንድ ፕሪ ተባለ። ጊዜው መስከረም፣ ቦታው ያው ተራራ፣ የሚመጡትም ሰዎች በአብዛኛው የበፊቶቹ ሆነው ቀጠሉ። ቃሉ ሲወገድ ነገሩ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው የጸናው ለማለት ይቻላል።

የክበብ ውድድር ቀን ምን እንደሚመስል ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ሞተረኛው የሳምንቱን ሥራ ጨርሶ፣ ሞተሩን በጭነት መኪና ወይም በተጎታች አስሮ ከሌሊቱ ይደርሳል። የመጀመሪያው ፈተና ከተቀናቃኝ ጋር ሳይሆን ከመርማሪ ጋር ነው። መርማሪው የፍሬኑን ገመድ ይስባል፤ የፊተኛውን ጎማ አንሥቶ የመሪው ኩሽኔታ መላላቱን በእጁ ያዳምጣል፤ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን በሽቦ መታሰሩን ያያል። ይህች ሽቦ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ብሎኑ በንዝረት ቢፈታ ዘይቱ በነጂው የኋላ ጎማ ላይ፣ ቀጥሎም ከኋላው በሚመጡት ሁሉ ጎማ ሥር ይፈስሳልና የሃያ ሰው ሕይወት በእርስዋ ላይ ተንጠልጥሏል። በመንገዱ ዳር ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት፣ ሰዓት የሚይዙት፣ ቃሬዛ ይዘው የሚጠብቁት አብዛኛዎቹ ያለ ክፍያ የመጡ ናቸው። በቀድሞው ዘመን መነሻው ላይ ሞተር ጠፍቶ በዝምታ ይቆም ነበር፤ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም እየገፉ ሮጠው ፍሪሲዮኑን ይለቁና ዘለው ይቀመጡ ነበር።

የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ከሌላው ጊዜ የሚለይበት ምክንያት አለ። እስከዚያ ድረስ ሞተሩ ለሚቀጥለው እሑድ መትረፍ ስላለበት ነጂው ይቆጥበዋል። በመጨረሻው ቀን ግን የሚቆጠብለት ነገር የለም፤ ክረምቱን ሙሉ ሊፈታው ነውና። የዓመቱ ነጥብም የሚደመረው ያን ዕለት ነው። ስለዚህ ሰዎች ከመጠን በላይ የሚደፍሩት በዚያ ቀን ነው፤ በመስከረም ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ብላ ዓይን ትወጋለች፤ ተራራውንም ጭጋግ ይወርሰዋል። የደሴቲቱ ሰዎች ጭጋጉን የጥንት ንጉሣቸው ካባ ነው ይሉታል። የጨንቻ ሰው በክረምት ማለዳ ምን ማለታቸው እንደሆነ አይጠፋውም።

የዋጋው ነገር ሊሸፈን አይገባም። በተራራው ዙሪያ ላይ በ1911 በልምምድ ወቅት የሞተው ቪክተር ሰሪጅ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞቱት ተወዳዳሪዎች ቁጥር ከ260 በላይ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመስከረሙ ውድድር የወደቁ፣ ስማቸውን ከቤተሰባቸውና ከክበባቸው በቀር የሚያውቀው የሌለ ሰዎች ናቸው። የራስ ቁር ታሪክም ከዚሁ ሜዳ ይጀምራል። በእንግሊዝ የብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ ሐኪም የነበረው ኤሪክ ጋርድነር ራሳቸው የተፈነከተ ሞተረኞች መብዛታቸውን አይቶ ከሸራና ከላክ የተሠራ ቁር አሠራ። የውድድሩ ባለሥልጣኖች በመጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በኋላ ግን በ1914ቱ ትልቅ ውድድር ላይ ግዴታ ሆነ። ነጂዎቹ አጉረመረሙ። በመንገድ ላይ ለሚነዳው ሕዝብ ይህ ትምህርት እስኪደርስ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1935 በሞተር አደጋ የሞተውን «የዓረቡን ሎሬንስ» ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነገሩን ሲያጠና ቆይቶ በ1941 ውጤቱን አሳተመ፤ የብሪታንያ ጦርም ለሞተረኞቹ ቁርን አስገደደ። አማተሮች በእሑድ ቀን የከፈሉት ዋጋ ለመልእክተኛ ወታደር የተረፈው በዚህ አኳኋን ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ክርክሩ በሌላ በር ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ሰውየውን መመርመር ትተው ሞተሩን መመርመር ጀመሩ። በ1947 በሰኔው ውድድር አጠገብ ለክበብ አባላት የተከፈተው ምድብ፣ ሞተሩ ማንም ሰው ከሱቅ በካታሎግ ሊገዛው የሚችል እንዲሆን፣ በእግር ተመትቶም እንዲነሣ ደነገገ። አሳቡ መልካም ነበር። ፋብሪካዎች ግን ካታሎጉን ራሳቸው እንደሚጽፉት ተዘንግቷል። ቢ ኤስ ኤ የተባለው ፋብሪካ ጎልድ ስታር የሚል ሞተር ነበረው። ስሙ የመጣው በ1937 ዎል ሃንድሌ በብሩክላንድስ ዙሪያ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ነድቶ ከተሸለማት የወርቅ ኮከብ ነው። ፋብሪካው ይህን ሞተር ለክበብ ውድድር እንዲስማማ እያሻሻለ ይሸጥ ጀመር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሞተር ይዞ መምጣት ከንቱ ድካም ሆነ። በ1956 በርናርድ ኮድ ሁለቱንም ምድቦች በጎልድ ስታር አሸነፈ፤ ውድድሩም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሁሉም ለመግዛት መብት ነበረው፤ ገዝቶ የማይጠቀምበት ግን ማሸነፍ አይችልም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአማተርነትን ድንበር ከሁሉ ይልቅ ያደናገረው ሰው ጄፍ ዱክ ነው። ዱክ የኖርተን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ1949 የክበብ አባላቱን ከፍተኛ ምድብ በሰኔ፣ የማንክስን ከፍተኛ ምድብ በመስከረም አሸነፈ፤ በ1923ቱ ደንብ መንፈስ ቢታይ ሊሰለፍ ባልተገባው ነበር። ከ1951 እስከ 1955 ባሉት ዓመታት በኖርተንና በጣሊያኑ ጂሌራ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ደመወዙ ከፍተኛ፣ ሞተሩም ወደር የሌለው ነበር።

በ1955 በሆላንድ አሰን ላይ በግል ሞተራቸው የሚወዳደሩት ነጂዎች የሚሰጣቸው የመነሻ ክፍያ ለጉዞአቸውና ለመለዋወጫቸው እንኳ እንደማይበቃ ገልጸው ተቃውሞ አነሡ። በ350 ሲሲው ውድድር አንድ ዙር ብቻ ዞረው ወደ ማቆሚያቸው ተመለሱ፤ ለ500 ሲሲውም እንዲሁ እናደርጋለን አሉ። ዱክ በክፍያው ረገድ ምንም የሚጎድለው አልነበረም፤ ነገር ግን ከባልደረባው ከሬጅ አርምስትሮንግ ጋር ከእነርሱ ጎን ቆመ። አዘጋጆቹ ክፍያውን ጨመሩ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ግን ደገፋችኋቸው ብሎ ሻምፒዮኑን ጨምሮ ነጂዎቹን ለስድስት ወር አገደ። እገዳው ከጥር 1956 ጀምሮ ስለነበር ዱክ የዚያን ዓመት የሰኔ ውድድር በደሴቲቱ ላይ ሳይነዳ አለፈ፤ የዓለም ሻምፒዮንነትንም ከዚያ በኋላ አላገኘም።

በኋላ ዘመኑ መኖሪያውን በዚያችው ደሴት አደረገ፤ በ2015ም እዚያው አረፈ። በተራራው መንገድ ሠላሳ ሁለተኛው ማይል ላይ ተከታትለው የሚገኙት ሦስት ኩርባዎች ከ2003 ጀምሮ በስሙ ይጠራሉ። በግል ሞተራቸው የሚመጡት የማንክስ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የሚያልፉት በዚያ ነው።